ስለ ተዋናይ ሙያና ስለ ክብሩ

አገራችን ኢትዮጵያ ብዙ መልካም ልማዶች አሏት። ነገር ግን ከነዚህ ጋር ተደባልቆ ለዘመናት የጎዳት አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም ባለ ሙያን መናቅ ነው። ጦርና ማረሻ የሚሠራልንን ብረት ቀጥቃጭ፣ ጋቢና ኩታ የሚያለብሰንን ሸማኔ፣ እንስራና ምጣድ የምታቀርብልንን ሸክላ ሠሪ በሥራቸው እየተጠቀምን በስማቸው ስንሳደብ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ክፋት ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ በአዋጅ አስታወቁ። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ልብን ቶሎ አይለውጥምና ንቀቱ ከእርሳቸው በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ።

ከተናቁት ባለ ሙያዎች አንዱ በእጁ ብረት ወይም ጥጥ ሳይዝ በድምፁና በሰውነቱ ብቻ የሚሠራው ሰው ነው። ይህ ሰው በድሮ ጊዜ አዝማሪ ይባል ነበር፤ ቴአትር ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ተዋናይ የሚባል ወንድም መጣለት። በፈረስ ቤትና በፍኖተ ሰላም ባስተማርሁባቸው ዓመታት የመናገርና የመምሰል ስጦታ ያላቸውን ብዙ ልጆች አይቻለሁ፤ አብዛኞቹም ስጦታቸውን እንደ ነውር ደብቀው አደጉ። ስለዚህ ለወጣት አንባቢዎቼ የዚህን ሙያ ታሪክ፣ በተለይም የታላቁን ተዋናይ የወጋየሁ ንጋቱን ሥራ ልተርክላቸው ወደድሁ። ሰው የሚከበረው በሙያው ስም ነው ወይስ ሙያውን በያዘበት አኳኋን? ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዳ ታሪክ ነውና በትዕግሥት ይነበብ።

አስቀድመን አንድ የሚያስገርም ነገር እንመልከት። ተዋናይን የሚንቀው ሕዝባችን የተዋናይን ሥራ እጅግ የሚወድ ሕዝብ ነው። በጎጃም ባላገር ዳኛ ከዋርካ ሥር ተቀምጦ ሁለት ባላጋራዎች ሲሟገቱ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ተሟጋቹ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል፤ በዘንጉ እያመለከተ ድምፁን አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል፤ የምስክሩን አነጋገር መስሎ ይናገራል፤ ሕዝቡም የራሱ ጉዳይ ሳይሆን ከሥራው ቀርቶ ሲሰማ ይውላል። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን በዜማ ሲቀኝ፣ በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሟቹን አረማመድና አነጋገር እያነሣች ሰውን ስታስለቅስ፣ በሠርግ ቤት ፎካሪው ሲያቅራራ ይህ ሁሉ ለጆሮና ለዐይን የተሠራ ሥራ ነው።

ታዲያ ንቀቱ ከወዴት መጣ? እኔ እንደ ተረዳሁት ሰው የተጸየፈው ጨዋታውን ራሱን ሳይሆን የቃሉን መሸጥ ነው። አዝማሪው በሰው ደጅ እየበላ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ዛሬ ያበላውን አመስግኖ ነገ ያላበላውን ይሰድባል ተብሎ ይጠረጠር ነበር። ጥርጣሬው በአንዳንዱ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። ለአንዱ የተሰጠው ስም ግን ለሁሉ ተለጠፈና፣ ቃሉን የሚጠብቀውም ቃሉን የሚሸጠውም በአንድ ስም ተጠሩ።

ቴአትር በአሁኑ መልኩ ወደ አገራችን የገባው በ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያመጡትም በሩሲያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒህ ሰው በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ የታወቁ ናቸው። በአውሮፓ ቴአትር ሕዝብን የሚያስተምር ትልቅ ሥራ መሆኑን አይተው ስለ ነበር፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት ጽፈው በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል አዳራሽ አሳዩ። በድርሰቱ ውስጥ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው። ነገር ግን አውሬዎቹ ሲናገሩ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች የራሳቸውን ጠባይ የሰሙ መሰላቸውና፣ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን ጨዋታው ተከለከለ። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል፤ የአገራችን ቴአትር በተወለደበት ቀን የተከሰሰው ቃሉን ለመኳንንቱ በመሸጡ አይደለም፤ ባለ መሸጡ ነው።

ከዚያ በኋላ ቴአትርን ያሳደጉት መምህራን ነበሩ። ከነዚህም አንዱ የእኛው የጎጃም ልጅ፣ የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ዮፍታሔ በቅኔ ቤት የበሰሉ ሊቅ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ ሄደው በትምህርት ቤት ሲያስተምሩ የቅኔውን ጥበብ ወደ ቴአትር አመጡት፤ ተዋንያኑም ተማሪዎች ነበሩ። «ቴአትር የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥምህ ይህን ንገረው። ዕቃው ከውጭ መጥቷል፤ በዕቃው ውስጥ የተጨመረው ማር ግን ከደብረ ኤልያስ ነው።

በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የጣልያን ጦርነት በተቃረበ ጊዜ የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት ተቋቋመ። ዓላማው በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን ለነጻነቱ ማነሣሣት ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ማኅበሩ እንደገና ተቋቁሞ የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ የኢዮቤልዩ በዓል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ጨዋታም የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ይህ ቤት ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ነው።

እንግዲህ ቤቱ ተሠራ፣ ንጉሡም መጥተው አዩ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ። ይሁን እንጂ ያጨበጨበው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጁ ተዋናይ እንዲሆን አይፈቅድም ነበር። ሴት ልጁን እንዲህ ባለ ሥራ ማየትማ ጨርሶ አይታሰብም። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ የሴትን ክፍል ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ይህን ግንብ ካፈረሱት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች መካከል ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና አስናቀች ወርቁ ይገኛሉ። አስናቀች ክራር መቺም፣ ዘፋኝም፣ ተዋናይም ነበረች፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. እስካረፈችበት ቀን ድረስ ስሟ ከክራሯ ጋር ተያይዞ ይጠራ ነበር። በዚያ ዘመን በመድረክ ላይ የምትቆም ሴት ምን ዓይነት ስም እንደሚሰጣት ሁሉም ያውቃል። ዛሬ ልጃገረድ በትምህርት ቤት አዳራሽ ቆማ ስትናገር ማንም አይደነግጥም፤ ይህም የሆነው ያ ስም ሲሰጣቸው መድረኩን ሳይለቁ የቆሙ ሴቶች ስለ ነበሩ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ትውልድ የተዋናይን ሙያ በትምህርት የያዘው ነው። በ1950ዎቹ ተስፋዬ ገሠሠ በአሜሪካ አገር በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ ተመለሰ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በለንደንና በፓሪስ ቴአትር ቤቶች ሥራውን ተመልክቶ መጣና፣ ከራሱ ድርሰቶች ሌላ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እና «ሐምሌት» ወደ አማርኛ መለሰ። በዚያው ጊዜ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ተከፈተ። ከዚህ ትውልድ ወጣቶች ሁለቱ፣ ወጋየሁ ንጋቱና ደበበ እሸቱ፣ ሙያቸውን ለማጥናት ወደ ሀንጋሪ አገር ሄዱ። አስበው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት «የሥራ ፈት ጨዋታ» ይባል የነበረው ነገር ባሕር ተሻግረው የሚማሩት ትምህርት ሆነ። ትምህርቱም ቀላል አይደለም፤ አተነፋፈስን፣ አቋቋምን፣ የድምፅን መጠን፣ የሌላውን ሰው ልብ መርምሮ ማወቅን ይጠይቃል።

ሁለቱ ወጣቶች ተመልሰው በአገራቸው መድረክ ሠሩ። ደበበ በተለይ ወደ ሲኒማም ገባ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የሆሊውድ ኩባንያ «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለውን ፊልም በከፊል በኢትዮጵያ ሲያነሣ፣ ደበበ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ከአሜሪካዊው ተዋናይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫወተ። ከ40 ዓመት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው «ቀይ ቅጠሎች» በተባለ የእስራኤል ፊልም ውስጥ በስደት የሚኖር ቤተ እስራኤላዊ ሽማግሌ ሆኖ ታይቷል።

ሆሊውድን ካነሣን አይቀር ብዙ ወጣቶች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ማረም ይገባል። ወጣቱ የሆሊውድን ተዋናይ ሲያይ የሚታየው መልከ መልካም ፊት፣ ገንዘብና ዝና ነው። ከፊቱ በስተኋላ ያለውን ድካም ግን አያይም። ስለዚህ በዚያ አገር በመካከለኛው የምዕተ ዓመቱ ዘመን ከተነሡት ተዋንያን አንዱን፣ ሲድኒ ፖይቲየን፣ ለምሳሌ ላቅርብ።

ሲድኒ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1927 ተወለደ። ወላጆቹ በባሃማስ ደሴቶች በምትገኝ ካት አይላንድ በምትባል ትንሽ ደሴት ቲማቲም የሚያመርቱ ድሆች ገበሬዎች ነበሩ። ቲማቲማቸውን ለመሸጥ ወደ አሜሪካ ወደ ማያሚ በሄዱ ጊዜ ያለ ጊዜው ተወለደ፤ እጅግ ትንሽ ስለ ነበረም ይኖራል ብሎ የገመተ አልነበረም። በልጅነቱ የተማረው ትምህርት ጥቂት ነው። በ16 ዓመቱ ገደማ ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በምግብ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆነ። አንድ ቀን በጋዜጣ ላይ ተዋናይ የሚፈልግ ማስታወቂያ አይቶ የጥቁር አሜሪካውያን ቴአትር ወደሚባለው ቤት ሄደ። የሰጡትን ጽሑፍ ማንበብ ስላቃተውና አነጋገሩም የደሴት አነጋገር ስለ ነበረ፣ ሂድና ዕቃህን እጠብ ብለው አባረሩት።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ቆም ብሎ ያስብ። ሰው ሲሰደብ ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ይረግማል ወይ ይማራል። ሲድኒ ራዲዮ ገዛ። ማታ ማታ ዜና የሚያሰሙትን ሰዎች እያዳመጠ፣ ቃላቸውን ከአፋቸው እየተቀበለ ይደግም ነበር። በሚሠራበት ምግብ ቤት አንድ ሽማግሌ አስተናጋጅ ነበረ፤ ያ ሰው ከሥራ በኋላ ከአጠገቡ ተቀምጦ በጋዜጣ ንባብ አስተማረው። ከወራት በኋላ ወደዚያው ቴአትር ቤት ተመልሶ፣ ትምህርት ስጡኝና ቤቱን በነጻ ልጥረግላችሁ ብሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1950 የመጀመሪያው ትልቅ ፊልሙ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ ለመነኮሳይያት ጸሎት ቤት የሚሠራ መንገደኛ ሆኖ በተጫወተበት ፊልም የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ በዋና ተዋናይነት ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ነው። ገና ድሀ ሳለ፣ የሰውን ክብር የሚያዋርድ ክፍል አልጫወትም ብሎ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ መተዉም ታውቆለታል። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ ዓለም ያከበረው ስለ ፊቱ ማማር ብቻ አልነበረም፤ አባቱ በደሴቱ ላይ ያስተማረውን ክብር በገበያ ላይ ስላልሸጠ ነው።

ሲድኒ በራዲዮ ተማረ፤ የእኛ ወጋየሁ ደግሞ በራዲዮ አስተማረ። አሁን ወደ እርሱ ልመለስ።

ወጋየሁ ንጋቱ በመድረክ ላይ የታወቀ ተዋናይ ነበር። ነገር ግን መድረኩ በአዲስ አበባ ነው፤ የጎጃም ገበሬ፣ የወሎ ገበሬ፣ የባሌ ገበሬ ቴአትር ቤት ገብቶ አላየውም። ገበሬው ያወቀው በጆሮው ነው። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ራዲዮ መጻሕፍትን በትረካ ለሕዝብ ማሰማት በያዘ ጊዜ፣ ወጋየሁ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብቦ አሰማ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ከ500 ገጽ በላይ አለው። ደራሲው በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በጎጃም አድባራት የተማሩ፣ በኋላም በአዲስ አበባ በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤቶች የገቡ፣ በጣልያን ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው የተማረኩና በግዞት ወደ ጣልያን የተወሰዱ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ዕውቀትና መከራ በአንድ መጽሐፍ አኖሩት።

የመጽሐፉ ታሪክ የሚጀምረው ከእኛው አገር ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ማንኩሳ የምትባል ከተማ አለች። በዛብህ የተወለደው እዚያ ነው፤ ወላጆቹ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለእግዚአብሔር የተሳሉት ልጅ፣ ኋላ በዲማ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያስተማረና የወደደ ደብተራ ነው። ከዚህ ሌላ ባለጌነትን ከጨዋ ልጅነት የሚለይ የዘር ሐረግ እንዳልሆነ ደጋግሞ የሚናገር፣ ስለዚህም «ጉዱ» የተባለ ካሣ የሚባል ሰው አለበት። መጽሐፉ ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሆኖም ከአብዮቱ በፊት ከመቶ ኢትዮጵያውያን ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ማንበብ አይችሉም ነበር። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም የተጀመረው ገና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የማንኩሳ ሰው ስለ ማንኩሳ የተጻፈውን መጽሐፍ ሳያውቅ ይኖር ነበር። በመጽሐፉና በገበሬው መካከል ድልድይ ያስፈልግ ነበር፤ ድልድዩም የአንድ ተዋናይ ጉሮሮ ሆነ።

በዚያን ጊዜ እኔ ፈረስ ቤት ወጣት አስተማሪ ነበርሁ። ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ከተማ ናት፤ ብርዷ ጽኑ ነው፤ ሰውም ማታ ከምድጃው አይርቅም። ራዲዮ ያለው ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ የትረካው ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ራዲዮ ካለበት ቤት ይሰበሰባል። የባትሪ ድንጋይ ውድ ነበርና ቀኑን ሙሉ ራዲዮው ተዘግቶ ይውላል፤ ድንጋዩ የደከመ እንደ ሆነም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሰዓቱ ደርሶ ሲከፈት ሴቶቹ እንዝርታቸውን ያሳርፋሉ፤ የሚያስል ሰው እንኳ ወደ ውጭ ወጥቶ ያስል ነበር።

ከሚመጡት አንዱ አያ የምንላቸው አንድ ጎልማሳ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው በክፍሌ ተማሪ ነበር፤ የቄሱን ቡራኬ፣ የጭቃ ሹሙን ቁጣ፣ የጠጅ ቤቷን እመቤት ሣቅ እየመሰለ ጓደኞቹን ያስቅ ነበር። አባቱ ይህን በሰሙ ጊዜ በአለንጋ ገረፉት፤ ከቤቴ አዝማሪ አይወጣም ብለው ማሉ። ልጁም ከዚያ በኋላ በክፍል ውስጥ ድምፁን አላሰማም፤ በዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወረደ። አንድ ማታ ትረካው ካለቀ በኋላ እኒህ አባት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «መምህር፣ ይህ ሰው የየት ደብር ሰው ነው? ማንኩሳን እንዲህ አሳምሮ የሚያውቅ፣ የእኛ አገር ደብተራ መሆን አለበት» አሉኝ።

«አይደለም አያ፤ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤት ተጫዋች ነው። መጽሐፉን የጻፉት ሌላ ሰው ናቸው፤ እርሱ አንባቢ ነው» አልኋቸው።

«ተጫዋች? ይኸ ሁሉ ሰው፣ ፊታውራሪውም ልጅቱም፣ አንድ ሰው ነው?»

«አንድ ሰው ነው፤ ሥራው ይኸው ነው።»

ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ጋቢያቸውን እየተከናነቡ፣ «እንግዲያው ይህ ሙያ ነው» ብለው ወጡ። ስለ ልጃቸው አልተናገሩም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ቀን ትረካው አላመለጣቸውም፤ የበዛብህ ሞት በተነበበበት ማታም በነጠላቸው ዐይናቸውን ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ። ንቀት ማለት አብዛኛውን ጊዜ ያላዩትንና ያልሰሙትን መፍረድ መሆኑን ከዚያን ቀን ወዲህ አልጠራጠርም። የሚያሳዝነው ግን ፍርዱ ሲሻሻል የተፈረደበት ልጅ በዚያ አልነበረም።

የወጋየሁ ጥበብ ምን ላይ ነበረ? እኔ ደጋግሜ በማዳመጥ የተረዳሁትን ልናገር። አንደኛው የቸኮለ አለመሆኑ ነው። ባላገር ሲናገር የሚያቆምበትን ስፍራ ያቆማል፤ ቃሉ እስኪሰርጽ ይጠብቃል። ሌላው ሰዎቹን በስማቸው ሳይጠራ በአነጋገራቸው ብቻ ማሳወቁ ነው። ፊታውራሪ ሲናገሩ የኩራታቸው ክብደት ይሰማል፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ምሬቱና ቀልዱ ተደባልቀው ይሰማሉ፤ የሰብለ ወንጌል ኀዘን ሲመጣ ድምፁ ሳይጮህ ልብ ይነካል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ራሱን መደበቁ ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የሰማነው ወጋየሁን መሆኑን ረስተን ነበር። አድማጩ «ምን ያለ ድምፅ ነው!» ከማለት ይልቅ «ምስኪን በዛብህ!» ይል ነበር። መልእክት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በመንገድ ላይ ስለ ራሱ ካወራ መልእክቱ ይበላሻል፤ የታመነ መልእክተኛ ግን የተላከበትን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል። ጥንት አዝማሪው የተጠረጠረበት ነገር ቃልን ለሆድ መሸጥ ነበር፤ ወጋየሁ ግን የሌላውን ሰው ቃል እንደ አደራ ተቀብሎ እንደ አደራ አስረከበ።

ወጋየሁ ደርግ ከመውደቁ በፊት፣ ገና በጎልማሳነቱ ዐረፈ። ደራሲው ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይተው በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። በዕድሜ ልጁ የሚሆነው አንባቢ ከደራሲው ቀድሞ ሄደ ማለት ነው። ድምፁ ግን አልተቀበረም። በቴፕ ክር ተቀድቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ይሰማል። በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ያንኑ ትረካ ስልኩ ላይ ከፍቶ የሚያዳምጥ፣ ወጋየሁ ከሞተ በኋላ የተወለደ ወጣት አይቻለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ ለወላጆች የምለው አለኝ፤ ይህን መጽሐፍ ወጣቶች ቢያነቡትም ለወላጆቻቸው ያንብቡላቸው። ልጅህ ድምፅ ቢኖረው፣ ሴት ልጅህም ሰውን መስላ መናገር ብትችል አትግረፋቸው። ከመግረፍህ በፊት የሚናገሩትን ነገር ስማ። ስጦታቸው ሰውን ለማዋረድ የዋለ እንደ ሆነ ምከር፤ ሰውን ለማስተማር ሊውል የሚችል ከሆነ ግን ወደ ትምህርት ምራ። ዛሬ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ቴአትር እንደ ሕግና እንደ ሕክምና የሚጠና ትምህርት ነው።

ለወጣቱ ደግሞ የምለው ይህ ነው። ሙያህን ሰዎች ቢንቁት አትደንግጥ፤ ቢያከብሩትም አትኩራ። በዚህ ዘመን በእጅ ስልክ ፊትን ለብዙ ሺህ ሰው ማሳየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ ብዙ ወጣትም ይህን እንደ ታላቅነት ይቆጥረዋል። ነገር ግን ሲድኒ ፖይቲየ በዕቃ ማጠቢያው ቤት ቃል ሲለማመድ ማንም አላየውም። ወጋየሁም በራዲዮ ጣቢያው ጠባብ ክፍል ከ500 በላይ ገጾችን ሲያነብ ከፊቱ የሚያጨበጭብ ሕዝብ አልነበረም። አስናቀች ክራሯን ስትማር፣ ዮፍታሔ በቅኔ ቤት ሲራቡ ተመልካች አልነበራቸውም። ሙያ የሚሠራው ማንም በማያይበት ሰዓት ነው፤ ሰው የሚያየው ፍሬውን ነው።

በክፍልህ ጮክ ብለህ እንድታነብ በታዘዝህ ጊዜ አትፈር፤ አትቸኩልም። የሠራተኛን ሁሉ ሙያ፣ ሸማኔውንም፣ ቀጥቃጩንም፣ ተዋናዩንም ስትጠራ በአክብሮት ጥራ። ማንበብ የማይችል አያት ወይም ጎረቤት ካለህም አንድ ማታ መጽሐፍ ይዘህ ከአጠገባቸው ተቀመጥ፤ ቃሉንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ፣ ቀስ ብለህ አንብብላቸው።